የተላመደው ተሕዋስ ድክመትም አለው

አንድ የወባ መድኃኒት ማዳን ሲያቅተው «በቃ፣ አለቀለት» እንላለን። ተሕዋሱ ተላምዶታል፣ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ብለን ወደ ሌላው እንዞራለን። እኔ በዚህ አልስማማም።

ማላዊን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኪንን አቁማ ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን መስጠት ጀመረች። ያኔ እዚያ ከነበሩት የወባ ተሕዋስያን አብዛኞቹ ክሎሮኪንን ተላምደው ነበር። በ2001 በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ግን የመላመዱ ምልክት የሆነው የዘረ መል ለውጥ ጠፍቶ ተገኘ። በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ክሎሮኪን በ99 በመቶዎቹ ታካሚ ሕፃናት ላይ እንደሠራ አሳየ። የተካው መድኃኒት የሠራው በ21 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ምክንያቱ ያለው በራሱ በተሕዋሱ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ከዚያ የሚተርፈው ሄም ለራሱ መርዝ ስለሆነ ወደ ጠጣር ቅንጣት ይቀይረዋል። ክሎሮኪን ይህን ይከለክለውና በገዛ መርዙ ይሞታል። የተላመደው ተሕዋስ ግን ምግቡን በሚፈጭበት ከረጢት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ተለውጦለታል። በዚያ በኩል መድኃኒቱን ያስወጣል። ችግሩ፣ ፕሮቲኑ የተፈጨውን ምግብ የማሳለፍ ሥራም ነበረው። ሲለወጥ ያ ሥራ ይጓደላል። መድኃኒቱ በየቦታው እስካለ ድረስ ጉዳቱ ያዋጣዋል። መድኃኒቱ ሲቀር ካልተለወጡት ጋር መፎካከር ያቅተዋል።

ታዲያ ዝም ብለን እንጠብቅ? በፍጹም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ክሎሮኪንን የተላመደው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ዛሬም አልጠፋም። እዚያ ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን መሰጠቱ ስላልቆመ ጫናው አልተነሳለትም። ካላዛር ደግሞ የባሰ ነው። ከሕንድ ክፍለ አህጉር የተገኙና አንቲሞኒ የተባለውን የካላዛር መድኃኒት የተላመዱ የሌሽማንያ ተሕዋስያን (የበሽታው አምጪዎች) በላብራቶሪ ሲፈተኑ ካልተላመዱት ይልቅ ጠንካራ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። መላመድ ሁሌም አያደክምም ማለት ነው።

ስለዚህ «ተላምዷል ወይስ አልተላመደም?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ሲላመድ ምን አጣ? የሚለው ጥያቄ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። መልሱ ለሕክምና ይጠቅማልና። ሉሜፋንትሪንና አሞዲያኪን ሁለቱም ከአርቴሚሲኒን ቤተሰብ መድኃኒቶች ጋር ተጣምረው ለወባ ይሰጣሉ። ተሕዋሱን የሚገፉት ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሉሜፋንትሪንን እንዲቋቋም የሚረዳው የዘረ መል ዓይነት ለአሞዲያኪን ያጋልጠዋል፤ ግልባጩም እንዲሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀም መውጫውን ያጠብበታል።

ብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን በአንዱ ላይ ብቻ ተደግፈው ዓመታት ቆይተዋል። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኤርትራ አርቴሚሲኒንን በከፊል የተላመደ ወባ ተረጋግጧል። ከአርቴሚሲኒን ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው መድኃኒትም ከተሸነፈ ታካሚው ምን ይተርፈዋል? ሁለት ዓይነት መድኃኒት መግዛት፣ ማከማቸትና ባለሙያ ማሠልጠን ከባድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ይህ ለውጥ የሚያዋጣው ሁለቱም ገና በደንብ እያዳኑ ሳለ ከተጀመረ ነው። የዘረ መል ክትትሉም የተተዉትን መድኃኒቶች ጨምሮ በየዓመቱ መቀጠል አለበት፤ ማላዊ ውስጥ የክሎሮኪን ጉልበት መመለሱ የታወቀው መድኃኒቱ ከተተወ በኋላም የሚፈትሽ ሰው ስለነበረ ነው።