ግልጽ ደብዳቤ፦ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ለሚነፉት የጋዝ ማሞቂያዬ

ለ፦ ክቡር አቶ ማሞቂያ
አድራሻ፦ ከአልጋዬ ሥር፣ ከካልሲ መሳቢያው ጎን
ጉዳዩ፦ ስላለመሞቅዎ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እንኳ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስና የባለቤቴን ሹራብ ደርቤ ነው ይህን የምጽፈው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሱሉልታ ነኝ፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። እኔ ግን አልተኛሁም።

እንዴት እንደተገናኘን መቼም አይረሱትም። አንድ ፈረንጅ ፒክአፑን ከነጀርባዋ ሸጠልኝ። ጀርባዋ ላይ የተጫነችው ትንሽ ቤት ካምፐር ትባላለች። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የእጅ መታጠቢያ አላት፣ እርስዎም አሉ። ሐሳቤ ቤቴ ተሠርቶ እስኪያልቅ እዚያው ማደር ነበር። (ሲሚንቶ ሲጨምር «እስኪያልቅ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለወጠ። እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው።) ባለቤቴ ብልጥ ናት፣ ለጊዜው እናቷ ዘንድ ነች። ሰፈሩ ደግሞ ካምፐር የሚባል ነገር ዓይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው መስኮቱን አንኳኩቶ ዳቦ ጠይቆኛል። አንዷ ልጅ የሞባይል ካርድ አጣሁ ብላ ተቆጥታ ሄደች።

ፈረንጁ ሲያስረክበኝ «ይቺን ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ማዞሩ አያስቸግርም።

ሳዞረው ፋንዎ ይነሳል። ቩ ይላል። ብርዱ ያነሰኝ ይመስል እግሬ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይነፉብኛል። እጠብቃለሁ። ቩ። እጠብቃለሁ። አሁንም ቩ።

አሠራርዎን ሳጠና ቀስ ብሎ ገባኝ፤ እርስዎ ለካ ቢሮ ነዎት። ሙቀት ለክቶ የሚያዘው ቴርሞስታት ማመልከቻዬን ይቀበላል። ፋኑ ተነስቶ ውስጥ ያደረ ጋዝ ካለ ጠርጎ ያስወጣል። ቀጥሎ አንዲት ስስ ብረት አለች፤ እንደ ጀልባ ሸራ አየር ሲገፋት የምትበራ ማብሪያ። የፋኑ አየር ገፍቷት «አዎ፣ በቂ ነው» ብላ ካልፈረመች ፋይሉ ወደ ቦርዱ፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሮኒክ አዛዡ፣ አያልፍም። ከፈረመች ቦርዱ የጋዙን ቫልቭ ይከፍታል፣ ቲክ ቲክ እያለ ብልጭታ ይረጫል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳት ካላየ ጋዙን ይዘጋል። ሦስቴ ሞክሮ ካልሆነለት ቆልፎ ይቀመጣል። በእኛ ቋንቋ «ሲስተም የለም» ማለት ነው።

የእኔ ፋይል የቀረው ብረቷ ዘንድ ነበር። እንዴት አወቅህ ካሉኝ፣ ቲክ የለማ! ቩ ብቻ።

ይህን እስካውቅ ግን ስንቱን አስተናገድኩ። መጀመሪያ የመጣው የጋራዥ ልጅ ነው። «ካንዴላው ነው ጋሼ» አለ። ገና አልከፈተዎትም። ካንዴላ የለውም ስለው በሐዘን አየኝና ሁለት ሽቦ በጥርሱ ልጦ «ዳይሬክት ላድርግልህ?» አለኝ። ዳይሬክት ማለት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን ለበሽታ ሁሉ የሚያዙት ፓራሲታሞል ነው። ፊውዝ ተቃጠለ፣ ዳይሬክት። ማብሪያ አልሠራ አለ፣ ዳይሬክት። ያቺን ብረት መዝለል ግን ፋኑ ቆሞም ቢሆን እሳቱ ይንደድ ማለት ነው፣ ያውም እኔ ላዩ ላይ ተኝቼ። የሻይ ሰጥቼ ሸኘሁት።

እማማ ጎረቤቴ ደግሞ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ከሰል አያይዤ አመጣልሃለሁ» ብለው ማንደጃውን ፍም እንደሞላ ይዘው መጡ። አመስግኜ ደጅ አስቀመጥኩትና ቆሜ ሞቅሁት። የእርስዎ ጭስ ቢያንስ በጎን ባለው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫም ሽታም የለውም። ክንዴን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ በምነካበት ሳጥን ውስጥ ፍም ይዞ መተኛት፣ ለዕድሩ ድንኳን ትከሉ ብሎ እንደመላክ ነው።

ቁም ነገር የተናገረው የባትሪ ቤቱ ልጅ ነው። መለኪያውን ሰካ። 12.3 ቮልት። ደህና ነው አልኩ። «እስቲ አስነሳው» አለኝ። ፋኑ ሲነሳ ቁጥሩ 10.4 ገባ። ፋንዎ ድምፅ እንጂ ጉልበት አልነበረውም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ስንት እንደከፈልኩ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ፋኑ አሁን እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ቲክ ግን የለም።

እንግዲህ ራሴ ገባሁ። ጋዙን ዘጋሁ፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ በስልኬ መብራት በሆዴ ተኝቼ አየሁ። ብረቷና ማቀፊያዋ መካከል አንዲት የሣር ሰበዝ ተሰንቅራለች። ቢጫ፣ የትንሿ ጣቴን ቁመት የምታህል፣ ጫፏ ላይ ዘሯ ሳይረግፍ። የሱሉልታ ድርቆሽ! ከኅዳር ጀምሮ በደጃችን ቁልል ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት አይሱዙዎች በየቀኑ የሚያራግፉት። ስንት ብር ባትሪ ያስገዛችኝ ለላም እንኳ የማትበቃ ሰበዝ ናት። በወስፌ አወጣኋት። አልጣልኳትም፣ ኪሴ ውስጥ ናት።

ገጥሜ ቁልፉን አዞርኩ። ቩ። ከዚያም ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ!

ከደስታዬ ብዛት ተነስቼ ጣሪያው ናላዬን አዞረው። ቲክ፣ ቲክ። ጸጥ። እንደገና። ጸጥ። ሦስተኛ። ሲስተም የለም።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀርቷል። ስማ አንተ! ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ እርጥብ ቆሻሻ እንኳ ነዷል። አንተ ምን ሆነህ ነው? አየሩ ሳሳብኝ እንዳትለኝ። እርግጥ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ግን አትሌት ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው እዚሁ ሱሉልታ ነው። ሰው ይሮጥበታል፣ አንተ ተቀምጠህ መንደድ አቃተህ!

ምናልባት ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል ብዬ ምድጃውን ለኮስኩ። ነደደ፤ የጧፍ ያህል። ማታ እራቴን ያበሰልኩበት እሳት ሌሊት ጧፍ ሆነ። ያኔ ጋዝ ሻጩ ትዝ አለኝ። «ፕሮፔን ነው ቡቴን?» ብዬው ነበር። «ጋዝ ነው» አለኝ። «ምን ዓይነት?» «የሚነድ።»

እኛ ነገሩን ሁሉ ቡታጋዝ ብለን ጨርሰነዋል። አንተ ደግሞ የተሠራኸው ለፕሮፔን ነው፤ እሱ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተንናል። ቡቴን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ሲሊንደሩ ውስጥ መቅረት ይመርጣል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ውርጭ እኔም ብሆን አልወጣም።

ዘበኛው «ሲሊንደሩን አስገብተህ ጋቢ አልብሰው» አለኝ። ከአየር የሚከብድ ጋዝ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፣ ከእኔ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ። ጋቢውን ለራሴ አስቀረሁት።

ትናንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ምን እንዳደረግህ ግን ሰው ይስማ። ፀሐይዋ ሲሊንደሩን ስታቃጥለው ውላለች። በሩን ከፍቼ፣ ሹራቤን አውልቄ ሽሮዬን እየበላሁ ነው። ለሙከራ ያህል ቁልፉን አዞርኩ። ቩ። ቲክ። ቱፍ! በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላብ በላብ ሆኜ ወደ ውጭ ሸሸሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ (አንቱታው ተመልሷል)፣ የሥራ ሰዓትዎ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከሆነ በር ላይ ይለጥፉልን። ባለጉዳይ በከንቱ አይመላለስ።

ከብርድ ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲሊንደሩ፣ ውጭ
ለፀሐይ፣ ቶሎ እንድትወጣ
ለባለቤቴ (የባትሪው አንቀጽ ተቆርጦ)