እግር ሰጥታችሁ አትጥፉ

ወገኖቼ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ የምናገረው ደስ ባይላችሁም ስሙኝ። ያገለገለ ሰው ሠራሽ እግር እየሰበሰባችሁ በኮንቴይነር ወደ አገር ቤት መላክን ትልቅ ጽድቅ አድርጋችሁ ይዛችሁታል። ጫማ እንኳ ቁጥሩ ካልሆነ ይመለሳል፤ እናንተ ግን ለአንድ የሚኒሶታ ሽማግሌ በጀሶ ተለክቶ የተሠራውን፣ የተቆረጠው ጭን የሚገባበትን ማቀፊያ ለወሎ ገበሬ ልታደርጉለት ትፈልጋላችሁ። ጉልበቱ፣ ቧንቧውና መሬት የሚረግጠው ክፍል፣ መርገጫው፣ ተፈትቶ በባለሙያ እጅ ዳግመኛ ሊያገለግል ይችላል። ማቀፊያው ግን የሚሆነው ለተለካለት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላውን ያቆስላል።

አገር ቤት ያላችሁትም አትሳቁ። ባነር ሰቅላችሁ፣ ካሜራ ደቅናችሁ፣ ሰውየውን አቁማችሁ ታስጨበጭባላችሁ። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቀው? እግር ከተቆረጠ በኋላ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ልክ የነበረው ማቀፊያ ይላላል፣ ቆዳ ይልጣል። ልጅ ከሆነማ ስለሚያድግ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ አዲስ ያስፈልገዋል። አዋቂም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ መቀየር ይኖርበታል። በተለያዩ አገሮች ተጠቃሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደው የጠየቁ አጥኚዎች ይህንኑ ደጋግመው አይተዋል፤ እግሩ ቤት ውስጥ አለ፣ ባለቤቱ ግን በክራንች ይሄዳል። ምክንያቱን ሲጠይቁት ያመኛል ይላል።

የህንዷን የጃይፑርን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1968 ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል፣ በትምህርት ብዙም ያልገፋ የእጅ ባለሙያ ከአጥንት ሐኪሙ ከፒ. ኬ. ሴቲ ጋር ሆኖ ከጎማ መርገጫ ሠራ። ከምዕራብ አገሮች ይመጣ የነበረው መርገጫ ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍ፣ ያለ ጫማም የማይሆን ነበር። የህንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ የሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ቁጢጥ ይላል፣ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይበላል፣ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ አኗኗር ነው።

እኛስ? ለጫማ ተረከዝ ከፍታ የተስተካከለ መርገጫ ያለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በር ጫማውን ሲያወልቅ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ግድግዳ ይዞ ይቆማል። እኛም የተቸገረ ለማኝ መስሎን ሳንቲም እንወረውርለታለን! መስገዱን፣ በርጩማ ላይ መቀመጡን፣ የገጠር መጸዳጃ ቤት መጠቀሙን እንዴት እንደሚያደርገው አንድ ቀን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

በካቡል ባለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል፣ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ካይሮ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ባገለገለበት፣ ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ጀሶ የሚጠቀልለውም፣ መራመድ የሚያስተምረውም ትናንት ታካሚ የነበረ ሰው ነው። ያውም በጦርነት በደቀቀ አገር። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር አካል ጉዳተኛን ማግለል ከልክሏል፤ የሕንፃ አዋጁም ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው ያዛል። እናንተ ቀጣሪዎች ግን ቢሮአችሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅላችሁ አሳንሰሩ ተበላሽቷል ትላላችሁ፤ ሰውየው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ሥራ አይወድም ብላችሁ ታሙታላችሁ።

ገንዘብ ካላችሁ ኮንቴይነሩን ተዉት። ከገጠር ለሚመጣው ሰው መሳፈሪያ ክፈሉ፤ ልኩ ተወስዶ መራመድ እስኪለምድ የሚያድርበትን አልጋና ምግቡን ክፈሉ፤ አብሮት የሚመጣውን ዘመድም አትርሱ። በዓመቱ ደግሞ ለእድሳት መመለሻውን። ስትደውሉለት ምስጋና አትጠብቁ። ቁስል አለህ ወይ፣ ላልቶሃል ወይ፣ ዛሬ አድርገኸዋል ወይ በሉት። አላደረግሁትም ካለ መሳፈሪያውን በዚያው ቀን ላኩለት።