ይድረስ ለክቡር የዊንዶውስ 11 አፕዴት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የወሰዱብንን ዕቃ በስጦታ መልክ ስለማስረከብዎ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ «34% ተጠናቋል፤ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» በሚል ሰሌዳ ፊት ተቀምጠን ደህና ነን። ምክርዎ መልካም ነበር፤ ግን ማብራትና ማጥፋቱ በእጃችን ያለ መስሎዎት ከሆነ የሰፈራችንን መብራት አያውቋትም። ባትሪው በሞተና በሶኬት ብቻ በሚተነፍስ ላፕቶፕ ላይ መሃል መንገድ መብራት ቢሄድ፣ ቀኑ ከቀና «ለውጦቹን እየመለስን ነው» ብለው የመጡበትን ሁሉ ወደ ኋላ ይጓዛሉ። ካልቀናም ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል።

አሁን ወደ «አዲስ ፊቸር» እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመጡ ፋይል ጎትቶ ታስክባር (በስክሪኑ ግርጌ ያለው አሞሌ) ላይ ወዳለ ፕሮግራም መውሰድ ቀረ። በ2022 መለሱትና አዲስ ነው አሉን። የተከፈቱ መስኮቶችን ለየብቻ፣ ከነስማቸው ታስክባር ላይ መደርደርም አብሮ ቀርቶ ነበር፤ አምስት ኤክሴል የከፈተ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ የቱ፣ ወጪ የቱ እያለ አንዷን ምልክት ሲጎረጉር ሁለት ዓመት ኖረ። በ2023 እሱም «አዲስ» ሆኖ መጣ። ራይት ክሊክ ላይ ደግሞ «ኮፒ» እና «ፔስት» የሚሉትን ቃላት አንስተው ምስር የምታክል ሥዕል ተከሉ። 24ኤች2 በተባለው የ2024 እትምዎ ለሥዕሎቹ ስም አወጡላቸው፤ ክርስትናውን ግን አልጠሩንም። የተረፈውን ዝርዝር ዛሬም «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚባል ጓዳ ውስጥ ቆልፈውታል (ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ሲጫኑ ጓዳው በቀጥታ ይከፈታል)። ምጣድ ተውሳ የከረመች ጎረቤት እንኳ ስትመልስ «ስጦታ አመጣሁልሽ» አትልም።

ስለ ዳታ ደግሞ። የስልክ ሆትስፖት ለእርስዎ ተራ ዋይፋይ ነው፤ የሳምንቱን ጥቅል በአንድ ጉንጭ ጭልጥ። ስለዚህ ሴቲንግ፣ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኙበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ተገብቶ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር ነውና ቆጥብ ማለት ነው) ይበራል። ይህ ለየኔትወርኩ ነው፤ የቢሮውን አብርቶ የስልኩን የረሳ ሰው ዳታው እንደተጋለጠ ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ሥር «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» መታየት አለበት። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮችም እንዲያካፍል ተፈቅዶ ከሆነ፣ በብር የተገዛች ዳታ ለማናውቀው ሰው አፕዴት ታመላልሳለች። ቸርነትዎ በሰው ኪስ ነው።

«ፖዝ» ብንል ቢበዛ 5 ሳምንት፤ ሲያልቅ ያለውን ሳይጭኑ ማራዘም የለም። «አሁን» አለ፣ «በኋላ» አለ። «እምቢ» የሚል ቁልፍ ግን አልተሠራም።

ፊደላችንንስ ምን አደረግንዎ? ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ለብቻው የሚወርድ ሆኗል። አዲስ በተጫነና አማርኛ በቋንቋነት ባልተጨመረበት ማሽን ላይ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የመስመሩ ስፋት ይለወጣል፣ ኃላፊው የሚፈርሙበት ግርጌም ብቻውን ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሰደዳል። ጸሐፊዋ ክፍት ቦታ ስትደልዝ ትውላለች። መፍትሔው «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጫን ነው። የሚያወርደውም፣ እንደተለመደው፣ እርስዎው ነዎት።

ከዊንዶውስ 10 ላሻገሩት ሰው ሐሳቡን እንዲቀይር የሰጡት 10 ቀን ነው። «ጎ ባክ» የሚለውን እስኪያገኘው ስምንቱ ያልቃል፤ ከዚያ አሮጌውን ዊንዶውስ የያዘውን ፎልደር ራስዎ ጠርገው ይጥሉታል።

ከሰላምታ ጋር
ሪስታርት የሰለቸን ተጠቃሚዎች

ግልባጭ፦
ለ«አፕዴት ኤንድ ሸትዳውን» ቁልፍ፦ «አጥፋ» ስንልዎ ለዓመታት መልሰው ሲያስነሱ እንደነበርና በ2025 መጨረሻ ገደማ መታረምዎን ሰምተናል። አደራ፣ ይህንንም አዲስ ፊቸር እንዳይሉት።