ከፍታ ሙቀትን አያለማምድም

«ደብረ ብርሃን የሰለጠነ ሰው ቆላ ሲወርድ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ለረጅሙ ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ) መዘጋጃ የትኛውም የግማሽ ርቀት ውድድር ይበቃል» ላልከው ወንድሜ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እውነቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

2,800 ሜትር ገደማ ላይ መኖር ኦክስጅን ተሸካሚ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ማላብን ግን አያስተምርም። ሙቀት የለመደ ሰውነት ቶሎ ያልበዋል፣ ላቡ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንሳል፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል (ፕላዝማ) ይጨምራል፤ ለዚህ ከ10 እስከ 14 ቀን ሙቀት ውስጥ መሥራት ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው የግማሽ ርቀቱን 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በደጋ ፍጥነቱ ይነዳና 21.1 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ላይ የልብ ምቱ ይሰቀላል፣ ሆዱም ጄል (በውድድር ላይ የሚወሰድ ጉልበት ሰጪ ዝልግልግ ምግብ) አልቀበልም ይላል።

ትልቁ ውድድር ሙቅ ከሆነ መዘጋጃውም ሙቅ ይሁን፤ ዳገታማ ከሆነም ዳገታማ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚቀድመውን ምረጥ፤ 2 ሳምንት ሲቀር ከተወዳደርክ ድካሙ ሳይወጣልህ ትሰለፋለህ። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት የመውሰድ ዕቅድህን እዚያው ፈትነው።

ሙቀት ለመልመድ ሩቅ መሄድ የለብህም፤ ጣርማበርን ተሻግረህ ቆላው ሸዋ ሮቢት አለልህ። ቁልቁለቱን ግን በመኪና ውረድ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛበታል። በ45 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ጀምር። ከሩጫው በፊትና በኋላ ተመዘን፤ ክብደትህ ከ2 በመቶ በላይ ከቀነሰ የጠጣኸው አንሷል።