ጥምቀት ለመዳን ግዴታ ነው፤ ግዴታው የተጣለው ግን በማን ላይ ነው?

በሀገራችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት ሲኖር የመጀመሪያው ከባድ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ልጅ ሲወለድ ነው። እናት የተዋሕዶ ልጅ፣ አባት የወንጌላውያን አማኝ በሆኑበት ቤት፣ የሕፃኑ አርባ ቀን ሲቃረብ የእናት ወገን የክርስትና አባት ማፈላለግ ይጀምራል፤ አባት ደግሞ «ልጁ አድጎ፣ ራሱ አምኖ ሲጠይቅ ይጠመቃል» ብሎ ይቆማል። ሲጀመር ጉዳዩ የዕድሜ ይመስላል። ትንሽ ሲገፋ ግን ሥሩ ይወጣል፦ ያልተጠመቀ ሰው ይድናል ወይስ አይድንም? ውሃው ያድናል ወይስ የዳነ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ነው?

እምነቴን ከመነሻው ልናገር። ጥምቀት ለመዳን የግድ ያስፈልጋል። ይህን የምለው በተዋሕዶ ቤት ስላደግሁ ብቻ አይደለም፤ የሐዲስ ኪዳን ቃል ሌላ መውጫ ስለማይሰጠኝ ነው። ይሁንና ግዴታው የተጣለው ትእዛዙን በሰማን በእኛ ላይ እንጂ ትእዛዙን በሰጠው በእግዚአብሔር ላይ አይደለም። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው ልጇ ሳይጠመቅ በሞተባት እናት ፊት ይፈርዳል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ውሃው አጠገቡ እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ሁለቱም በመካከላችን አሉ።

ጌታችን በሌሊት ለመጣው ለኒቆዲሞስ የነገረው ቃል ግልጽ ነው፦ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» (ዮሐንስ 3፥5)። ይህ ውሃ የእናት ማሕፀን ውሃ ነው፣ የሥጋ ልደትን ብቻ ያመለክታል የሚል ትርጓሜ በብዙ ስብከቶች ይሰማል። ነገር ግን ከዚያው ምዕራፍ ሳንወጣ፣ በቁጥር 22 ኢየሱስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ወደ ይሁዳ ምድር መጥቶ ያጠምቅ እንደ ነበር፣ በቁጥር 23 ደግሞ ዮሐንስ ብዙ ውሃ በነበረበት በሄኖን ያጠምቅ እንደ ነበር እናነባለን። ወንጌላዊው ከውሃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የተነገረውን እንደ ጨረሰ ወደ ጥምቀት ውሃ የወሰደን እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጴጥሮስም በበዓለ ኀምሳ ልባቸው ተነክቶ «ምን እናድርግ?» ላሉት ሰዎች የሰጠው መልስ ንስሐን፣ ጥምቀትንና የኃጢአትን ስርየት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሰረ ነው (ሐዋርያት ሥራ 2፥38)። በመልእክቱም ጥምቀት «አሁን ያድነናል» ሲል ወዲያው የሚያድነው የሥጋ እድፍ መወገዱ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የሚቀርበው የበጎ ሕሊና ልመና መሆኑን፣ ይህም በክርስቶስ ትንሣኤ መሆኑን ጨመረበት (1ኛ ጴጥሮስ 3፥21)።

የሳውል ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በደማስቆ መንገድ ክርስቶስን አግኝቷል፤ ድምፁን ሰምቷል፤ ሦስት ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ ቆይቷል፤ ጸልዮአል። ዛሬ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ምስክርነት ይዞ ቢመጣ «ዳነ» ለማለት ማናችንም አንዘገይም። ሐናንያ ግን «አሁንስ ለምን ትዘገያለህ? ተነሣና ስሙን እየጠራህ ተጠመቅ ከኃጢአትህም ታጠብ» አለው (ሐዋርያት ሥራ 22፥16)። ያን ሁሉ ያየው ሰው ኃጢአቱ ገና እንዲታጠብ ከተነገረው፣ ያን ያላየነው እኛ ውሃውን እንደ ትርፍ ነገር የምንቆጥርበት መብት ከየት እናገኛለን? በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» (ለኃጢአት ስርየት በምትሆን በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) የሚለውን የጸሎተ ሃይማኖት ቃል ያጸኑት ይህንኑ ሐዋርያዊ ቃል ይዘው ነው።

«ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» (ኤፌሶን 2፥8) የሚለው ቃል እንዴት ይሆናል ለሚሉ ወገኖቼ ጥያቄያቸው የተገባ ነው፤ መዳን በሥራ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ ማለት ነበርና። ነገር ግን ጥምቀት የእኛ ሥራ ነውን? ማንም ራሱን አያጠምቅም። ተጠማቂው ባዶ እጁን ይመጣል፣ በሌላው እጅ ወደ ውሃ ይወርዳል፣ በሌላው እጅ ይወጣል። የአርባ ቀን ሕፃን ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል፤ የሚያቀርበው ሥራ ቀርቶ የሚናገረው ቃል እንኳ የለውም። የክርስትና አባቱ አቅፎት ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክድለታል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክርለታል፤ ሕፃኑ ሦስት ጊዜ በውሃው ይነከራል፣ ሜሮን ይቀባል፣ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ከዚህ የበለጠ ነፃ ስጦታ በምን ይገለጣል?

ክርክሩ የኦርቶዶክስና የፕሮቴስታንት ብቻ ተደርጎ መቅረቡም ትክክል አይደለም። ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝሙ (የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉ) ጥምቀት የኃጢአትን ስርየት እንደሚሰጥ፣ ከሞትና ከዲያብሎስ እንደሚያድን አስተምሯል፤ ከእርሱ ትምህርት የመጣችው መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች። ጥምቀት የሚገባው ራሱ ላመነ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት በተሐድሶው ዘመን ጎልቶ የወጣው በጥር 1525 በዙሪክ ከተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ዘንድ ነው፤ መሠረተ ክርስቶስ የዚህ መስመር ወራሽ ናት። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ፊሊክስ ማንዝ በጥር 1527 በሊማት ወንዝ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈርዶበታል። የፈረዱበትም ክርስቲያኖች ናቸው። ትምህርቱን አልቀበለውም፤ ስለ ጥምቀት ሰውን በውሃ መግደል ግን የክርስቶስን ስም በሚሸከም ሁሉ ላይ የወደቀ ኀፍረት ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ብዙ ጊዜ ለየብቻ የምናነባቸው ሁለት ተጠማቂዎች አሉ። ሁለቱም የፊልጶስን ስብከት ሰምተው የተጠመቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የሰማርያው ሲሞን ነው። አመነ ተብሏል፣ ተጠምቋል፣ ከፊልጶስም ጋር ይተባበር ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን በሐዋርያት እጅ መጫን መንፈስ ቅዱስ እንደሚሰጥ ሲያይ ገንዘብ አቀረበ፤ ጴጥሮስም «ልብህ በእግዚአብሔር ፊት የቀና አይደለምና» ብሎ ንስሐ እንዲገባ ነገረው። ውሃው እውነተኛ ነበር፤ ያጠመቀው እጅም ንጹሕ ነበር፤ ሰውዬው ግን በመራራ መርዝና በዓመፅ እስራት ውስጥ እንዳለ ተነገረው። ይህን ምንባብ ለእኛ ለተዋሕዶ ልጆች ደጋግመው ቢያነቡልን እወዳለሁ። በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ፣ ማዕተቤ በአንገቴ አለ ብለን፣ የንስሐ አባታችንን ስም እንኳ ረስተን፣ ከቅዱስ ቍርባን ርቀን ሠላሳና አርባ ዓመት የምንኖር ብዙዎች ነን። ልጅነትን ያገኘነው በጥምቀት ነው፤ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ቤት መራቅ እንደሚቻል ግን የጠፋው ልጅ ታሪክ ይነግረናል።

ሁለተኛው ጃንደረባው ነው። የታሪክ ሊቃውንት የመርዌ መንግሥት ሹም እንደ ነበር ያስረዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በኩራት የምትጠራው ሰው ነው። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበር፤ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ የደረሰውም ምዕራፍ 53 ላይ ነው። ፊልጶስ ከዚያ መጽሐፍ ጀምሮ «ስለ ኢየሱስ ወንጌልን» ሰበከለት ይላል እንጂ ስለ ጥምቀት ምን እንዳለው አልተጻፈም። ነገር ግን ወደ ውሃ ሲደርሱ መጀመሪያ የተናገረው ጃንደረባው ነው፦ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ፊልጶስ የሰበከለት ወንጌል ጥምቀት የሌለበት ወንጌል ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ከየት ይመጣ ነበር? ሠረገላው ቆመ፣ ሁለቱም ወደ ውሃ ወረዱ፣ ጃንደረባውም ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። «ሳልጠመቅ እድናለሁ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ይህ ጥያቄ ትንሹን ክፍያ የሚፈልግ ሰው ጥያቄ ነው፤ የተወደደ ልጅ አባቱ የሰጠውን እንዲህ አይመዝንም።

በቆርኔሌዎስ ቤት የሆነው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው የሚጠቅሱት ነው (ምዕራፍ 10)። ጴጥሮስ ገና እየተናገረ ሳለ መንፈስ ቅዱስ በሰሚዎቹ ሁሉ ላይ ወረደ፤ ከአይሁድ ወገን የመጡት አማኞች ተደነቁ። ስለዚህ እግዚአብሔር ከውሃ በፊት መስጠት ይችላል፤ ይህን መካድ መጽሐፉን መካድ ነው። ጴጥሮስ ግን «መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ ውሃው ምን ያደርግላቸዋል?» አላለም። ያለው «እንዳይጠመቁ ውኃን ይከለክላቸው ዘንድ የሚችል ማን ነው?» ነው፤ እንዲጠመቁም አዘዘ። መንፈስ ቅዱስ ቀድሞ መውረዱ ውሃውን አላስቀረውም፤ ይልቁንም አፋጠነው። እግዚአብሔር በምሥጢራቱ ይሠራል፤ በምሥጢራቱ ግን አይታሰርም። እኛ ግን እንታሰራለን።

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ከዚህ አይወጣም። እጁና እግሩ በምስማር ተቸንክሮ ሳለ ያለውን ሁሉ ሰጠ፤ ያለውም አንድ ልመና ብቻ ነበር። ክርስቶስም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አለው። የወንበዴውን ተስፋ ሊጠቅስ የሚችለው እንደ ወንበዴው መንቀሳቀሻ ያጣ ሰው ነው። ስንክሳራችንም ይህን ያውቃል፤ በሰብስጥያ በበረዶ ባሕር ላይ ከተጣሉት አርባ ሰማዕታት አንዱ ፈርቶ ሲወጣ፣ ይጠብቅ የነበረው ወታደር አክሊላትን አይቶ ልብሱን አውልቆ በቦታው ገባ፤ ሳይጠመቅ በደሙ ተጠመቀ፣ ከአርባዎቹም ተቆጠረ። በ392 ንጉሥ ዳግማዊ ዋሌንጢኒያኖስ ጥምቀትን ጠይቆ ሳይደርስለት በሞተ ጊዜ የሚላኖ ጳጳስ አምብሮስዮስ ለሚያለቅሱት እኅቶቹ የተመኘውንና የለመነውን ጸጋ በእርግጥ እንደተቀበለ በመናገር አጽናናቸው። እነዚህ ሁሉ ወደ ውሃው እየሄዱ ሳሉ ሞት የቀደማቸው ወይም ሰማዕትነት የወሰዳቸው እንጂ ውሃውን የናቁ አይደሉም።

መናቅና መዘግየት ግን ሌላ ነገር ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን ከጥምቀት በኋላ ኃጢአት እንዳይሠሩ በመፍራት ብዙዎች ጥምቀትን እስከ ሞት አልጋ ያቆዩት ነበር፤ ቆስጠንጢኖስ ራሱ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲል ነው። ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ይህን ልማድ አጥብቆ ነቅፏል። በእኛም ዘመን መዘግየት አለ። በወንጌላውያን ዘንድ አምኛለሁ ብሎ፣ በመዘምራን መካከል እያገለገለ፣ የጥምቀት ትምህርቱን ዓመት በዓመት የሚያሳልፍ ወጣት ይገኛል። በእኛም ዘንድ በተለይ በውጭ ሀገር፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ፣ አዳራሽ እስኪገኝ፣ ድግሱ እስኪያምር ድረስ የልጁ ክርስትና የሚገፋበት ጊዜ አለ። የሔዋንና የአዳምን ወደ ገነት መግባት በሚተርከው በመጽሐፈ ኩፋሌ መሠረት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ብለን ቀን የቆጠርነው ለፎቶግራፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከእነዚያ ቀናት በፊት የሞተ ሕፃን ጉዳይ ነው። ፍትሐት የለውም፤ እናቱም ከቤቷ ሳትወጣ አራስ ሆና ትሰማለች። «ክርስትና ሳይነሣ ሞተ» የሚለውን ቃል ጎረቤት በሹክሹክታ ይቀባበለዋል፤ አንዳንዱ ከዚያ አልፎ የሕፃኑን ዕጣ ይነግራታል። ማንም ይህን የመናገር ሥልጣን አልተሰጠውም። አባቶችም በዚህ ላይ አንድ ቃል አልነበሩም፤ አውግስጢኖስ ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ይሆናል ሲል፣ ጎርጎርዮስ ግን በሕፃንነት ምክንያት ያልተጠመቁት ባይከብሩም እንደማይቀጡ ተናግሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ኮሚሽንም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ለእነዚህ ሕፃናት መዳንን ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ብሏል። እኔ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያጸናኝ የቤተልሔም ሕፃናት ጉዳይ ነው። አልተጠመቁም፣ አላመኑም፣ የሞቱለትንም አላወቁም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሰማዕታት ብላ ታከብራቸዋለች። ሄሮድስ የገደላቸውን የተቀበለ ጌታ፣ ሳንባ ምች የወሰደውን በደጅ ይተወዋል ብዬ አላምንም።

በዚህ ላይ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በሥርዓታችን ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው 40 ወይም 80 ቀን እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም፤ ካህን ተጠርቶ ያጠምቀዋል፤ እናቱ ባትነጻም ሌላ ሰው ያቅፈዋል። ይህን የማያውቁ ወላጆች ብዙዎች ናቸው፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጃቸው በሆስፒታል የማሞቂያ ክፍል እያለ ቀን ይቆጥራሉ። የንስሐ አባቶች ነፍሰ ጡር የሆነችውን የንስሐ ልጃቸውን ሲጎበኙ ይህን አስቀድመው ይንገሯት፤ ስልካቸውንም ለባሏ ይስጡት። ካህኑ ሳይደርስ ልጇ የሞተባትን እናት ደግሞ ከጎረቤት ሹክሹክታ በፊት ሄደው ያግኟት፤ የቤተልሔምን ሕፃናት ታሪክ ከእነርሱ አፍ ትስማ።