«ሰው ጠፋ» ለሚሉ አሠሪዎቻችን

በዚህ ከተማ የትንሽ ድርጅት ባለቤትን ያህል አንጀቴን የሚበላኝ ሰው የለም። ሠራተኛ ፍለጋ ሲንከራተት ይኖራል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦም፣ ሰርግ ላይ ቆሞም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። «ሥራማ ሞልቷል፤ ሰው ነው የጠፋው» ይላል። ይህን የሚለው አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አንገቱን አስግጎ የቆመውን ወጣት ሁሉ በመኪና አልፎ ከመጣ በኋላ ነው። መቼም እነሱም ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ልምድ የላቸውም እንጂ።

ቴሌግራም ላይ የሚለቀውን ማስታወቂያ አንብባችሁልኛል? ድርጅቱ ጥበቃውን ጨምሮ አምስት ሰው አለው። የሚፈለገው ሁለገብ ሴክሬታሪ ነው። ዲግሪ ያላት፣ ፒችትሪ በሚባለው ሶፍትዌር ሒሳብ የምትሠራ፣ ፎቶሾፕ የምትነካካ፣ ለቲክቶክ ቪዲዮ የምትቀርጽ፣ መንጃ ፈቃድ ቢኖራት የሚመረጥ፣ መልካም ቁመና ያላት፣ ጫና ተቋቁማ የምትሠራ። የሥራ ልምድ 4 ዓመት፣ ዕድሜ ከ24 ያልበለጠ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ቀን ቢሮ እየዋለች ማታ ዶርም ማደር ነበረባት። ከታች ደግሞ «ብዛት፦ 1» ይላል። የአራት ሰው ሥራ ዘርዝሮ አንድ ሰው ብቻ መጠየቅ ትሕትና ካልሆነ ምን ይባላል?

የጥበብ ሁሉ ጥበብ ግን የመጨረሻዋ መስመር ናት። «ደመወዝ፦ በስምምነት።» መርካቶ ውስጥ ጆንያ ሽንኩርት የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ዋጋውን ጠርቶ ነው ክርክር የሚጀምረው። የኛ ሰው ጨዋ ስለሆነ ቀድሞ ብር መጥራት ይከብደዋል።

ልጅቷ ከየካ አባዶ ታክሲ እየቀያየረች ትመጣለች። ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ተሰጥቷት አምስት ተኩል ላይ ትገባለች።

«እሺ የኔ እህት፣ ስንት ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎ ስንት አስበዋል?»

«አይ፣ አንቺ ንገሪኝ። እኛ ጋ በስምምነት ነው።»

«አሥራ ሁለት ሺህ ቢሆን…»

ሰውየው ስልኩን ያነሳል፤ መልሶ ያስቀምጣል። የዘመድ መርዶ የተረዳ ይመስል ፊቱ ክስም ይላል። «የኔ እህት፣ እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን። ብር ብር የሚል ሰው አንፈልግም። ለጊዜው በስድስት ሺህ ጀምሪና ሥራሽ እየታየ ይሻሻላል።» በቃ፣ ተስማሙ። የተስማማው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ስምምነት ስምምነት ነው።

ውል ስትጠይቅ ይገረማል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ውል ይፈራረማል እንዴ? ዋስ ግን ይዛ ትመጣለች። ቤተሰብም ቢሆን ሊሰርቅ ይችላላ።

ፈተና አሰጣጡም ሳይደነቅ አይታለፍም። ግራፊክስ ዲዛይነር ሲፈልግ ለአመልካቾቹ ሁሉ «ለመፈተኛ ያህል የድርጅታችንን ሎጎ ሠርታችሁ ኑ» ይላቸዋል። ልጆቹ መብራት እየጠፋባቸው፣ ሲመጣ እየተነሱ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ። የተሻለው ሎጎ ዛሬ በሩ ላይ ተሰቅሏል። የሠራው ልጅ «እንደውልልሃለን» ተብሎ እየጠበቀ ነው። እኔ ልጁን ብሆን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሥራው ለሕዝብ ቀርቦለታላ።

ሕግ አክባሪነቱስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር አላነበበውም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም የምትለዋን ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዟታል። በድሮው አዋጅ 45 ቀን ስለነበር ይኼኛውን ይወደዋል። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ማሰናበት እንደሚቻልም አይጠፋውም። እናም ልክ በ58ኛው ቀን ልጅቷን ያስጠራታል። «ጎበዝ ነሽ፤ ግን እንዳሰብነው አልሆነልንም።» በማግስቱ ያው ማስታወቂያ ይለቀቃል። በዓመት አምስት ሴክሬታሪ እየቀያየረ ሰው ጠፋ ቢል ይፈረድበታል?

ማስታወቂያ ወጥቶበት የማያውቅ አንድ የሥራ መደብ ብቻ አለ፤ ሥራ አስኪያጅነቱ። እዚያ ላይ የእህቱ ልጅ ተቀምጧል። የልምድ ነገር ካነሳችሁ፣ ከአጎቱ ጋር 26 ዓመት ኖሯል።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሙከራውን አልፋ ሁለት ዓመት የምትቆይ ልጅ ትገኛለች። ሒሳቡን ትሠራለች፣ ስልኩን ታነሳለች፣ ደንበኛው ሲቆጣ ታበርዳለች፣ የአለቃዋን ልጆች ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ደመወዟ ሥራዋ እየታየ ሊሻሻል ነበር፤ ገና እየታየ ነው። አንድ ቀን ትሰለችና መልቀቂያ ታስገባለች። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያዋን ቀን ሳታጎድል ትጨርሳለች። ከዚያ የሥራ ልምድ ይጻፍልኝ ትላለች። አዋጁ ምን ሠርታ፣ ስንት ጊዜ ቆይታ፣ ስንት ይከፈላት እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት በነፃ ይሰጣት ይላል። አንቀጿ ግን ሰውየው በቃሉ ከያዛት ገጽ ላይ የለችም። ደግሞም 4 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ሰው ልምድን እንዲህ በቀላሉ አውጥቶ አይሰጥም።

«ማኅተሙ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ዱባይ ይዞት ሄዷል» ትባላለች። ሳምንት ቆይታ ትመለሳለች። ሥራ አስኪያጁ መጥቷል። ማኅተሙም ጠረጴዛው ላይ ነው። አሁን የጠፋው የእሷ ፋይል ነው።