ሰመር በሮኪ፣ ክረምት በጣርማበር

የኮሎራዶዋ ዴንቨር ሐበሻ ሾፌር ከግንቦት ጀምሮ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። በረዶ ይፈራል። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ የወረደው በረዶ ያደረሰው ጉዳት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ያን ሁሉ ገንዘብ የበላው መኪናና ጣሪያ ነው። አሁንም ሰማዩ ሲጠቁር ብርድ ልብስ ይዞ ሮጦ ወጥቶ የመኪናውን መስታወት የሚሸፍን አይጠፋም። (እኔም ሸፍኛለሁ። ጋቢዬን ግን አላወጣሁም፣ ማርያምን!)

የኮሎራዶ ሰመርና የእኛ ክረምት በወሩም በጠባዩም ይቀራረባሉ። ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ተራራው ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ደመናው ይቆለላል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ የሚመጣ እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። ለዚህ ነው 4,401 ሜትር ከፍታ ያለውን የኤልበርት ተራራ የሚወጡ ሰዎች መብረቅ ሳይመጣ ከቀትር በፊት እንዲወርዱ የሚመከሩት። ራስ ደጀን ከኤልበርት ይበልጣል፤ የስሜን እረኛ ግን ይህን ማንም ሳይመክረው ያውቀዋል።

ልዩነቱ ዝናቡ ሲቀር ነው የሚታየው። እዚህ ሣር ማጠጣት በፈረቃ ይሆናል፤ ሲከፋ ደኑ ይነዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሜሮን ፒክ የተባለው እሳት ብቻ ከ200,000 ኤከር በላይ እንዳቃጠለው። ከባድ ነው፣ ግን ሱፐርማርኬቱ ባዶ አይሆንም። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምቱን ሲያዛባው 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ታዲያ ትንበያው ለማን በደንብ ይነገራል? የአሜሪካው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በየወሩ ሦስተኛው ሐሙስ ላይ የመጪዎቹን ሦስት ወራት ካርታ ያወጣል። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። ምልክት ያላየበትን ቦታ ደግሞ ነጭ ትቶ «እኩል ዕድል» ይለዋል፤ በግልጽ አማርኛ «አናውቅም» ማለት ነው። መንግሥት አላውቅም ብሎ በካርታ ሲያትም ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ።

የእኛም የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው፤ መቶኛውም አላቸው። ሬዲዮ ላይ ሲደርስ ግን «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖራል» ብቻ ይሆናል። ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ላይ ጠቅልለው ሲያበቁ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ አይነግሩንም። የክረምቱ ትንበያ የሚወጣው ደግሞ ግንቦት ሲያልቅ አካባቢ ነው፤ ከሰሜን ሸዋው ጣርማበር ቁልቁል ያለው ቆለኛ ያኔ ማሽላውን ዘርቶ ጨርሷል። ቢሆንም ገና አልረፈደበትም፤ ማሽላው ካልያዘ ገልብጦ ጤፍ ይዘራል። መቶኛው የሚያስፈልገው ለዚህች ውሳኔ ነው።

አጎቴ እዚያው ነው የሚያርሰው። የዝናቡን ማብቂያ በተመለከተ ከሬዲዮው ይልቅ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን ያምናል፤ መስከረም ድረስ ሲዘንብ እያየም ያምናል። ሰሞኑን ስደውልለት፣

«ጋሼ፣ ከመቶ 40 ዝናቡ ሊያንስ ይችላል ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ስድሳው ይዘንባል ማለት ነው?»

«ስድሳው ደህና ነው ማለት ነው።»

«እንግዲያ ከታች ያለውን ማሽላ ባለበት እተወዋለሁ፣ ጭንጫውን ገልብጬ ጤፍ አደርገዋለሁ። ለመስከረም ሽምብራ ዘር አስቀራለሁ። ምን ይቸግራል? እኔን እኮ የሚሉኝ ይዘንባል ነው።»